ቀልብ ፍለጋ፦ ከማቻክል አውድማ እስከ ጥምቀተ ባሕር

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት እንቅልፌ እየተቆራረጠ፣ የሒሳብ መዝገብ ላይ ያፈጠጠው ዓይኔ አንዱን መስመር ሁለትና ሦስት ጊዜ እያነበበ፣ በመጨረሻም ደረጃ ስወርድ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚሸሽ እየመሰለኝ ግድግዳ ይዤ መሄድ ጀምሬ ነበር። የመረመሩኝ ሐኪም ጆሮዬም አንጎሌም ደኅና መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ቦታ የሚመጣ መልእክት አንጎሉ ውስጥ ሲስማማ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ፤ አንዱ በውስጠኛው ጆሮ ካሉት ፈሳሽ ከሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች፣ ሁለተኛው ከዓይን፣ ሦስተኛው ከውስጥ እግር፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው። ጭንቀት የበረታበት ሰው እግሩን ማመን ትቶ በዓይኑ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ዓይን ደግሞ ብቻውን ሰውን አያቆምም። አክስቴ ይህን ሁሉ በስልክ ካዳመጠች በኋላ፣ «ቀልብህ ተበትኗል። ለጥምቀት ና፤ ከሰው ጋር ትቆማለህ» አለችኝ።

ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጠዋት የለበስሁት ሹራብ ሸለቆው ወለል ሳንደርስ ከላዬ ወርዷል። በየመጠምዘዣው ዓይኔን ጨፍኜ የፊት ወንበሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን ድልድይ ስንሻገር አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ «ልጄ፣ ዓባይን ሳታይ ልታልፍ?» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርሁም። ደጀን ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ትንፋሼ ተመለሰ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ፣ በቀድሞዋ መንቆረር በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ አደርሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

የማቻክል ወረዳ ከተማ አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ትገኛለች። ከዚያ ወርጄ ወደ አክስቴ መንደር አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝሁ። በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፍታው 4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ጉም ጠምጥሞ ተቀምጧል። አክስቴ ከደጃፏ ስታየኝ መጀመሪያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ሐዘን ላይ የከረሙ ዘመዶች በአካል ሲገናኙ ሰላምታው ከእንባ ይጀምራል፤ እንባው ሳይወጣ ቡናውም አይፈላም።

ጥር ሥላሴ በመሆኑ ዛሬ አውድማ የሚወጣ የለም። አመሻሹ ላይ የአክስቴ ልጅ ወደሚማርበት ደብር ወሰደኝ። የአብነት ተማሪዎቹ ለከተራና ለጥምቀት የሚቀርበውን ወረብ በዛፍ ጥላ ሥር እያጠኑ ነበር። አንዷን የግእዝ ሐረግ ደግመው ደጋግመው፣ መጀመሪያ ከመሬት እንደሚነሣ ጭስ በዝግታ፣ ኋላም እየጨመሩ ሲያዜሟት፣ እኔ ከአጥሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኬን ሳላወጣ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

መምህሩ ሲጨርሱ ቀርቤ ዝቅ አልሁ።

«ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ። ዜማ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«መቆምስ?»

«እሱም እያቃተኝ ነው የመጣሁት፣ የኔታ።»

ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱኝና፣ «ነገ አውድማ ዋል። ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት ናና ከትናንሾቹ ጋር ቁም» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

የአክስቴ አውድማ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ እንደ ምጣድ ክብና ልሙጥ ነው። ከክምሩ የተነሣው ጤፍ ተበትኖ ተነጥፎበት አምስት በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ይዞሩበታል። በወንፈል የመጡት ጎረቤቶች መንሻቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ዛሬ ለአክስቴ የሠሩትን እሷ ከልጇ ጋር በሚቀጥሉት ሳምንታት በየተራ ትመልሳለች። በሬዎቹን የሚያበራዩት አዛውንት ለከብቶቹ ያዜማሉ፤ ሌላው ይቀበላል። ግጥሙ ስለ በሬው ግንባር፣ ስለ ባለቤቷ ደግነት፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ነው፤ አዛውንቱ የዕለቱን ነገር እያዩ ከአፋቸው ያወጡታል።

የሚደንቀው የበሬዎቹ አሰላለፍ ነው። የዳሩ በሬ ረጅሙን ዙር ስለሚሄድ እየተቻኮለ ይራመዳል፤ የመሐሉ ግን ባለበት የሚዞር እስኪመስል እግሩን አንሥቶ እዚያው አካባቢ ያሳርፋል። ለምን ሽበታሙን በሬ መሐል እንዳደረጉት አዛውንቱን ጠየቅኋቸው።

«እሱ አይደነግጥማ! የመሐሉ ከረጋ የዳሩ ቢፈጥንም አይበተንም። ወይፈን መሐል ብታደርግ ሁሉንም ይዞ ይወጣል» አሉኝ።

እኔ መንሽ ተሰጥቶኝ ከተሰለፉት መካከል ገባሁ። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር፤ ከታች የቀረውን ነዶ ወደ ላይ ማገላበጥ ነው። ይሁን እንጂ እኔ ቶሎ ለመጨረስ እጄን ሳፈጥን፣ ሁለት ጊዜ መንሼ ከጎኔ ካለው ሰው መንሽ ጋር ተጋጨ፤ በሦስተኛው ሰውየው ሥራውን አቁሞ፣ «ወንድምዓለም፣ አትቅደመን፤ ዜማው ሲወድቅ መንሽህም ይውደቅ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ተቀባዮቹ ድምፃቸውን ሲያሳርፉ መንሼን ማሳረፍ፣ ሲያነሡ ማንሣት ጀመርሁ። ለምን እንደሆነ በውል ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ በፍጥነት ስሠራ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የደከመኝ ክንድ፣ ከሰዉ ጋር ስሠራ እስከ እኩለ ቀን መቆየቱ ነው። መዳፌ ግን ውኃ ቋጥሯል።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ እየወረወሩ አጠሩት። ገለባው ወርቅማ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ጤፉ በእግራችን ሥር ይወርዳል። የጾም ቀን ስለነበር ማታ ሽሮ ቀርቦልን በላን፤ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለተኛ እንጀራ አነሣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ቀሰቀሰኝ። ውርጩ ጥርስ ያጋጫል። ተማሪዎቹ በቀኝና በግራ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ መብራት የለም። ጨለማው የተለመደ ሥርዓታቸው ነው፤ በቃል የተያዘ ዜማ መብራት አይሻም።

ለእኔ ግን ጨለማው መጥፎ ነበር። ከሦስቱ የሐኪሙ ምንጮች አንዱና የምተማመንበት፣ ዓይኔ፣ ተወስዶብኛል። ከግራ ረድፍ ጫፍ፣ ደበሎ ከለበሰ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አጠገብ አቆሙኝና አንድ አሮጌ መቋሚያ ሰጡኝ፤ እንጨቱ ብዙ እጅ ስላለፈበት እንደ ቀንድ ለስልሷል፤ አናቱ ላይ ያለው አግዳሚ ከብብቴ ሥር ሲገባ ቀዝቃዛ ነበር።

የአቋቋም ሥርዓት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለበትም፣ ሰው ባለበት ቆሞ በድምፅ ብቻ ያዜማል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፣ ሰውነትም አብሮ ከጎን ወደ ጎን ያዘነብላል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ ምቱ ግን ገና የተራራቀ ነው። በመጨረሻ ጽፋት ነው፤ ስሙ ራሱ ማጨብጨብ ማለት ሲሆን፣ ከበሮው ይፈጥናል፣ እልልታው ይከተላል። ከሁሉ በፊት ያለው መቆም ሳይረጋ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተቀባብለው ያመጡት ሊቃውንት ይህን ቅደም ተከተል በከንቱ እንዳላስቀመጡት ዛሬ በእግሬ ተማርሁ።

የኔታ የሚያስተምሩት ተክሌ የሚባለውን ስልት ነው። ስልቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈጠሩት፣ ብዙ ሰው በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው ሊቁ አለቃ ገብረ ሐና መሆናቸው፣ የጣናን ማዕበል ወዲያና ወዲህ ማለትና የሸምበቆውን መወዛወዝ ተመልክተው እንደሠሩት፣ ስሙም ተምሮ ካስፋፋው ልጃቸው ከተክሌ እንደ መጣ ይነገራል። በጨለማ ውስጥ ሃያ ሰው በአንድነት ወደ ቀኝ ሲያዘነብልና ሲመለስ የሚሰማው የልብስ ሹክሹክታ በእርግጥም ዳር ላይ እንደሚደርስ ውኃ ነው።

ቁም ዜማውን እንደምንም አለፍሁ። ዝማሜው ሲጀመር ግን ክብደቴን ወደ ቀኝ እግሬ ባሳለፍሁ ቁጥር መሬቱ አብሮኝ የሄደ መሰለኝና መቋሚያውን ሙጭጭ አድርጌ ያዝሁ። የኔታ ከኋላዬ መጥተው መዳፋቸውን በትከሻዎቼ መካከል አሳረፉ።

«ተኝተህበታል» አሉኝ፤ መቋሚያውን ማለታቸው ነው። «መቋሚያ ያግዝሃል እንጂ ስለ አንተ አይቆምልህም። ደግሞ ዜማውን ታሳድዳለህ፤ ጎንህ ያለውን ልጅ ግን አትሰማውም። ትንፋሹን ስማ። እሱ ሲስብ ሳብ፣ እሱ ሲያወጣ አውጣ። እግርህ ራሱ ይመጣል።»

ልጁን ማዳመጥ ጀመርሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ትንፋሹ አልነበረም፤ ወደ እኔ ባዘነበለ ቁጥር የደበሎው ጠጉር ክርኔን ጠረግ አድርጎ ይሄዳል። ጠረግ፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ ጠረግ። ይህን ስጠብቅ ትንፋሹን አገኘሁት፤ ሐረጉ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ እያለ የሚወጣ፣ ከዚያም አፍታ ያህል የሚሳብ ረጅም ትንፋሽ ነው። የራሴን ከእሱ ጋር ሳስተካክለው ጉልበቴ ላላ፣ ተረከዜ መሬት ነካ። ስንት ጊዜ እንደ ዞርነው አላውቅም። ሲነጋጋ የደብሩ ጉልላት ብቅ ሲል፣ በጨለማ ያን ያህል ሰዓት ያለ ግድግዳ መቆሜን ያኔ አስተዋልሁ።

ከትምህርቱ በኋላ ለየኔታ ሕመሜን ዘርዝሬ ነገርኋቸውና ይህ ነገር መድኃኒት ይሆነኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ይህ ምስጋና ነው» አሉኝ፤ «ለመድኃኒት ብለህ ከቆምህ ራስህን ስታዳምጥ ትውላለህ። ለእሱ ቁም፤ ለአንተ የሚሆነውን እሱ ያውቃል።» ቃላቸውን አክብሬ ተቀበልሁ። በከተማ ውዝዋዜንና ከበሮን ለመንፈስ ዕረፍት ብለው በቡድን የሚለማመዱ ወዳጆች አሉኝ፣ ሥራቸውንም አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሰዉ የመጣው ለሌላ ትልቅ ነገር ሲሆን ዕረፍቱ በምርቃት የሚመጣ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ መደብ ላይ ተጋድሜ አንድ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። የስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኅብረት የሚዘምሩ ሰዎች የዜማው ሐረግ ትንፋሻቸውን ስለሚያስተካክለው የልብ ምታቸው አብሮ ሲፈጥንና አብሮ ሲዘገይ አግኝተዋል። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ይዘገያል፤ ረጅም ዜማ የሚያዜም ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በማስወጣት ነው። ያን ጊዜ ሳነበው የቁጥርና የመስመር ነገር ነበር፤ ዛሬ የደበሎ ጠጉር ሆነብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 10 — ከተራ

ከየአጥቢያው የወጡት ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲጓዙ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሸፈነ። ካህናቱ ከፊት፣ ዲያቆናቱ ከነጥላቸው፣ ወጣቶቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሡ በሆታ፣ እናቶች በእልልታ። ከበሮው ከአንገት በወረደ ጠፍር ተንጠልጥሎ፣ መቺው ሰፊውን አፍና ጠባቡን አፍ በየተራ እየመታ ሰውነቱን ሁሉ ይዞ ያዘነብላል። ሊቃውንቱ ሰፊውን የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት፣ ማለትም ሰው የመሆኑ ምሳሌ፣ ጠፍሩንም ጌታ የተገረፈበት ጅራፍ ምልክት አድርገው ያስተምሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጻፍ ይገባኛል፤ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ከአንድ ጠባብ መሻገሪያ ላይ ሰዉ ሲገፋፋ ከዘመዶቼ ተለየሁና በዙሪያዬ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ መሬቱ እንደ ዱሮው ሸሸኝ። የምይዘው ግድግዳ አልነበረም። ወዲያው የሚያዜም ሰው በጆሮዬ ፈለግሁ፤ በስተግራዬ አንዲት በዕድሜ የገፉ መነኩሲት በለሆሳስ ይቀበላሉ። ከእሳቸው ሐረግ ጋር ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ ደግሜም ለቀቅሁ። ማዞሩ አልጠፋም፤ ግን እግሬ መራመድ አላቆመም። ምናልባት ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይኸው ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ማዞር ይመጣል፣ እኔ ግን ምን ማዳመጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ሌሊቱን በጥምቀተ ባሕሩ ዳር ከጋቢ ሥር ሆነን አደርን። ጎሕ ሲቀድ ውኃው ተባረከና ተረጨን፤ የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ ወረባቸውን አቀረቡ። ከረድፉ ጫፍ ያ ባለ ደበሎ ልጅ በነጭ ልብስ ቆሞ አየሁት፤ ትንፋሹን ከሩቅ ለየሁት ብል ማጋነን ይሆናል፣ ማዘንበሉን ግን ለይቻለሁ።

እሑድ፣ ጥር 12

የሚካኤል ታቦት ገብቶ ወደ ቤት ስንመለስ የአክስቴ ግቢ በጎረቤት ተሞላ። ጠላ ተቀዳ፤ ከበሮ የያዘችው ልጅ ሞቅ አድርጋ ስትመታ አንዷ ማውጣት፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። የጎጃም እስክስታ ለማያውቀው ትከሻ ብቻ ይመስለዋል፤ ቀረብ ብሎ ያየ ግን የሚነሣው ከትንፋሽ መሆኑን ያያል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተጋጥመው፣ ከጉሮሮ በምትወጣ አጭር ትንፋሽ እየተጠራሩ፣ ትከሻውና ደረቱ ሲንቀጠቀጥ እግሩ ተተክሎ ይቆማል። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ይከተለዋል፤ የሚመሩት ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ጨፍሬ አላውቅም፤ ከሐዘኑ ጋር የተጣላሁ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ መቀነቷን አጥብቃ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ሁለት ዓመት ሞላኮ፣ ልጄ። እሷም ዝም ያለ ቤት አትወድም ነበር።»

«አልችልበትም፣ አክስቴ።»

«ግራ ትከሻህን ስጠኝ። እናትህ ሁልጊዜ በግራዋ ነበር የምትጀምር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ወልዳ ያሳደገችኝን ሴት ትከሻ በዐርባ ዓመቴ ከእኅቷ ትከሻ ላይ እማራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አክስቴ ግራ ትከሻዋን አንዴ ወደ ፊት ሰደደችውና ጠበቀችኝ፤ እኔም ሰደድሁ። ከዚያ ቀኙን። ከጥቂት ዙር በኋላ እንባዬ ይወርድ ነበር፣ የእሷም ይወርድ ነበር፤ ሰዉም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ጭብጨባውን ሳያጓድል ያዘልን። አንዲት ጎረቤት ብቻ ረጅም እልልታ አቀለጠች።

ሰኞ፣ ጥር 13

አክስቴ ጭብጦና የዘንድሮ ጤፍ በአቁማዳ አስያዘችኝ። ለመሰናበት በደብሩ በኩል ሳልፍ የኔታ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጥምቀት አልፎ ተማሪዎቹ የሚቀጥለውን በዓል ቁም ዜማ ጀምረዋል። ጓዜን ከዛፉ ሥር አኖርሁና ከግራ ረድፍ ጫፍ፣ በቀድሞ ቦታዬ ቆምሁ። ባለ ደበሎው ልጅ ሳይዞር ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። አንድ ዙር አብሬያቸው ካዜምሁ በኋላ የኔታን ተሳልሜ ወጣሁ። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ መፍጠን ነበረብኝ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ግን በዝማሜው እርምጃ ሄድሁ።